ኢንጀክተር ቀይሬ መኪናዬ ጭስ በጭስ ሆነች

እንዴት ከረማችሁ ያ ጀመዓ። በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ቤንዚን ወደ ሞተር ስለሚረጨው ስለ ኢንጀክተር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሞተር ለማሳደግ ከሚፈልጉ ወጣቶች የመጡ ስለሆኑ ሰፋ አድርጌ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። እ.ኤ.አ. የ1998 ኮሮላ አለችኝ፤ 1600 ሲሲ፣ የቤንዚን። መጀመሪያ ማርሚታዋን በሰፊ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮዋንም የስፖርት አደረግሁ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ "ጉልበት የምታገኘው ኢንጀክተር ስትቀይር ነው" ሲለኝ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገሉ አራት ኢንጀክተሮች አስመጣሁ። ከመግጠሜ በፊት በማሽን አስለካሁ። የድሮዎቹ በደቂቃ 200 ሲሲ፣ አዲሶቹ 330 ሲሲ ይረጫሉ። ከገጠምኳቸው ወዲህ ጠዋት የምትነሳው በግድ ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳልረግጥ ቆሜ ሳለሁ፣ ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። ከኋላ ጥቁር ጭስ ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ከድሮው ብሳለች። ጓደኛዬ አሁን ደግሞ "የአየር ሴንሰሩ ሽቦ ላይ ሬዚስተር አስገባና የሞተሩን ኮምፒውተር አታለው" ይለኛል። ላድርገው?
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። መኪናህ አልሞተችም። ሬዚስተሩን ግን እንዳታስገባ፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግርሃለሁ። ኢንጀክተሮቹን ከመግጠምህ በፊት ማስለካትህ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ባይኖሩ እኔም ከዚህ ሆኜ የምነግርህ ግምት ብቻ ይሆን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ባልቦላ ነው። ምን ያህል ቤንዚን እንደሚገባ የሚወስነው ስንት ሚሊሰከንድ ክፍት እንደቆየ ነው። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊት፣ ሙቀቱንና የሞተሩን ዙር ያይና "ይህን ያህል ጊዜ ክፈት" ብሎ ያዛል። ሲያዝ ግን የሚያውቀው የድሮውን የ200 ሲሲ ኢንጀክተር ነው። 330 መግጠምህን የነገረው የለም። ስለዚህ በከፈተ ቁጥር ከሚያስበው 65 ከመቶ የበለጠ ቤንዚን ይገባል።

"ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር አያርመውም ወይ?" ትለኝ ይሆናል። ያርማል፣ ግን ልክ አለው። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ በሴንሰሩ ምክር ሊጨምር ወይም ሊቀንስ የሚችለው ከ20 እስከ 25 ከመቶ ገደማ ነው። 65 ከአቅሙ በላይ ነው። ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሴንሰሩ ገና ሥራ አልጀመረም። ዳገት ላይ እግርህን እስከ መጨረሻ ስትረግጥም ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ትቶ በራሱ ሠንጠረዥ ነው የሚሄደው። አንተ የጻፍክልኝ ሁለት ችግሮች፣ የጠዋቱ መነሳትና የሐረጎ ዳገት፣ በትክክል እነዚህ ሁለት ጊዜያት ናቸው።

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ትንሽ ወፈር ያለ ድብልቅ ይወዳል፤ ቱርቦ ለሌለው ሞተር በ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 13 ኪሎ አየር። ከዚያ በላይ ቤንዚን ብትጨምር የሚያቃጥለው አየር የለም። ምጣድ ሥር አየር በሌለበት እንጨት ብታበዛ እሳቱ እንደሚታፈነው ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት እዚህ 75 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ 101 ነው። ሩብ ያህሉ አየር ገና ሳትነሳ ጎድሎብሃል። ዳገት ላይ ያጠረህ አየር ነው፤ ቤንዚንማ ድሮም ሞልቶሃል።

ይህን በሒሳብ ላሳይህ፤ ለሌላ ጊዜም ይጠቅምሃል። ያንተ ዓይነት ሞተር አዲስ እያለ 110 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው እንበል። ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ከሩብ ኪሎ ያነሰ፣ 230 ግራም ያህል ቤንዚን ይበቃል። 110 ስናደርገው በሰዓት 25 ኪሎ፣ በሊትር 33 ገደማ ይሆናል። በደቂቃ 560 ሲሲ ማለት ነው። ለአራት ስታካፍለው ለአንድ ኢንጀክተር 140 ይደርሳል። ኢንጀክተር ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን አይፈለግም፤ ከጊዜው 80 ከመቶውን ብቻ ይሥራ ስንል 175 ሲሲ ይበቃል። የድሮዎቹ 200 ናቸው። ያውም ይህ የባሕር ዳርቻ ሒሳብ ነው። ለደሴ ከዚህም ያንሳል። ሰፊው ማርሚታና ፊልትሮው የጨመሩልህ ትንሽ አየር ቢኖርም የድሮዎቹ ኢንጀክተሮች ይሸከሙታል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። የድሮዎቹን መልስ። ስትመልስ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ የቤንዚን መስመሩን ግፊት አስወጣ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የጎማ ቀለበቶቹን (ኦሪንጎቹን) በአዲስ ቀይር፤ ስታስገባቸው ንጹሕ የሞተር ዘይት ቀባ አድርጋቸው። ጨርሰህ ባትሪውን ከመለስክ በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና ፖምፓው መስመሩን ሲሞላ አራቱንም ቦታ በባትሪ መብራት እያየህ በጣትህ ዳብስ። ጠብታ ካለ አታስነሳ።

ከዚያ በፊት ግን አሁኑኑ አንድ ነገር አድርግ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣና አሽትተው። ዘይቱ ከወትሮው ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ቤንዚን ሸቶ ካገኘኸው የተረፈው ቤንዚን በፒስቶን ፋሻዎቹ በኩል ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል። በዚህ ዘይት አትንዳ። የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፤ ፋሻና ብሮንዚን ይበላል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይር። ካንዴላዎቹንም አውጣቸው። ጫፋቸው እንደ ጥቀርሻ ከጠቆረና ደረቅ ከሆነ በብሩሽና በአየር ይጸዳሉ፤ በቤንዚን ከራሱና ጸድተውም ካልሠሩ ቀይራቸው።

የሬዚስተሩ ነገር። ያንተ ሞተር የሚገባውን አየር የሚያውቀው በግፊት ሴንሰር ነው። ያንን ምልክት በሬዚስተር ብትቀንሰው ኮምፒውተሩ "ትንሽ አየር ነው የገባው፣ ሞተሩ ቀላል ሥራ ላይ ነው" ብሎ ያምናል። ቤንዚኑን ይቀንሳል። እስከዚህ ጓደኛህ ልክ ነው። ግን በዚያው እምነት የእሳቱን ጊዜም፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን፣ ያስቀድማል፤ ሞተር ቀላል ሥራ ላይ ሲሆን እሳት ቀድሞ ይሰጠዋልና። አንተ ደግሞ በእውነት ሐረጎን እየወጣህ ነው። ሙሉ ጭነት ላይ ያለ ሞተር እሳት ቀድሞ ሲመጣበት ማንኳኳት ይጀምራል፤ ድብልቁ ያለ አግባብ እየፈነዳ ማለት ነው። ፒስቶን የሚበሳው እንዲህ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለህ ሞተር ማውረድ ይመጣብሃል። እባክህ ይቅርብህ።

አዲሶቹን ኢንጀክተሮች አትጣላቸው። ወደፊት ቱርቦ ወይም ሌላ ሞተር ካሰብክ ያገለግላሉ። ያኔ ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተር ያስፈልግሃል። ከመግጠምህ በፊትም ሁለቱ እግሮቻቸው ላይ ኦሜትር አድርገህ ለካ። ከ12 እስከ 16 ኦም ከሆኑ በብዙ ኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ይሠራሉ። 2 ወይም 3 ኦም ከሆኑ ግን ብዙ ከረንት ስለሚስቡ ያለ መከላከያ ሬዚስተር ከገጠምካቸው የኮምፒውተሩን ውስጥ ያቃጥላሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። ከኮምቦልቻ ነኝ። ባለ 16 ቫልቭ የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ሞተር አለኝ። ቴስታታው ተሠርቷል፣ ካምሻፍቱ ተቀይሯል፣ ፕሮግራም የሚደረግ ኮምፒውተርና የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ከጭሱ የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር ገጥሜያለሁ። ኢንጀክተሩን ከ240 ወደ 360 ሲሲ አሳደግሁ። ደሴ አንድ ልጅ በላፕቶፕ አስተካከለልኝ፤ እዚያ ቆንጆ ትሄዳለች። ሁለት ነገር ግን አስቸገረኝ። ማታ መብራትና ፋን ሲበራ ሚኒሞ ላይ ትወርድና ልትጠፋ ትላለች። ሌላው፣ ለሥራ ሚሌ እመላለሳለሁ። ከሚሌ ወደ ባቲ ስመለስ ዳገት ላይ ሙሉ ቤንዚን ስሰጣት ታንኳኳለች። ቤንዚኑ ነው እያሉኝ ነው።
የባቲ መንገድ ተመላላሽ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለተኛውን ልያዝ፤ ሞተር የሚገድለው እሱ ነውና። እስኪስተካከል ድረስ ቆላ ላይ እግርህን እስከ መጨረሻ አትርገጥ። ድምፁን እንደሰማህ ወዲያው አንሳ።

ቤንዚኑ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ማስተካከያው የተሠራበትን ቦታ ነው። ላፕቶፕህ ላይ የነዳጅ ሠንጠረዡን ክፈት። ወደ ጎን የሞተር ዙር አለ፣ ወደ ላይ ግፊት በኪሎፓስካል። አንዲት ነጥብ በሠንጠረዡ ላይ ትሄዳለች፤ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት የሚጠቀምበትን ቁጥር ታሳይሃለች። ደሴ ላይ የፈለግከውን ያህል ብትረግጥ ነጥቧ 75 አካባቢ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ በላይ የሚወስዳት አየር የለም። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ናትና 81 አካባቢ ትደርሳለች። ሚሌ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ 95 ትነካለች። ይህ ማለት ከ80 በላይ ያሉት መስመሮች በሙሉ፣ የነዳጁም የእሳቱም፣ ደሴ ላይ አንድም ቀን አልተነኩም። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡ ወይም ልጁ በግምት የሞላቸው ቁጥሮች ናቸው። አንተ ሙሉ ጭነት ይዘህ፣ በሙቀት፣ ዳገት ላይ፣ ማንም ባልሞከረው መስመር ላይ ነው የምትሮጠው።

ልጁን አልወቅሰውም። ደሴ ላይ ሆኖ ማየት የሚችለውን አስተካክሏል። ደጋ ላይ የተስተካከለ ሞተር ግን ግማሽ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው። የእኛ አገር መንገድ በአንድ ጠዋት ከውርጭ ወደ በረሃ ያወርዳል። ማስተካከያውም አብሮ መውረድ አለበት።

እንዲህ አድርጉ። ኮምቦልቻ ሳላችሁ፣ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ከ80 በላይ ያሉትን መስመሮች ለጥንቃቄ ሙሏቸው። በግፊት ሴንሰር የሚሠራ ኮምፒውተር ግፊቱን ራሱ ስለሚያባዛው የ75ቱን መስመር ቁጥር ይዛችሁ ወደ ላይ በጥቂቱ እያሳደጋችሁ መውሰድ ይቻላል። መጀመሪያ ወፈር ይበል። የእሳቱን ጊዜ ደግሞ ከ75ቱ መስመር ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ጥቂት ዲግሪ እየቀነሳችሁ ሙሉት። አየር ሲበዛ ድብልቁ ቶሎ ይቃጠላል፤ ደጋ ላይ የሚወደውን ያህል ቀድሞ እሳት ቆላ ላይ አይፈልግም። ከዚያ ውረዱ። ላፕቶፑን ሌላ ሰው ይያዝ፣ አንተ መንገድህን እይ። ግልጥ ያለ፣ ከብትም ሰውም የማይሻገርበት ቦታ ፈልጋችሁ በየመስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ጫን እያደረግክ ዋይድባንዱ ይመዝገብ። ሐረጎ ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሩ። ከባድ መኪና የሚበዛበት ጠመዝማዛ ነው።

መዝገቡን ስታዩ መጀመሪያ ዋይድባንዱን እዩ። ሲያንኳኳ ለ1 ቤንዚን 14 አየር ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው፤ የነዳጁን መስመር አሳድጉ፣ 12.8 አካባቢ አምጡት። ቁጥሩ 12.8 ሆኖም የሚያንኳኳ ከሆነ ችግሩ ኢንጀክተሩ ዘንድ የለም። እሳቱን ሁለት ዲግሪ ቀንሱና እንደገና ሞክሩ። የሚገባው አየር ሙቀትም ይታይ። የስፖርት ፊልትሮ ቦኔት ሥር ክፍት ሆኖ ከራዲያተር ጀርባ ያለውን ትኩስ አየር የሚስብ ከሆነ በአፋር ሙቀት ማንኳኳቱን ያባብሰዋል። ከፊት በኩል ቱቦ አምጥተህ ቀዝቀዝ ያለ አየር ስጠው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካንኳኳ ያኔ ቤንዚኑን ጠርጥር።

አሁን የሚኒሞው ነገር። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ መካኒክ ይስታል። ኢንጀክተር ኤሌክትሪክ በደረሰው ቅጽበት አይከፈትም። ማግኔቱ መርፌውን እስኪያነሳ ጊዜ ይወስዳል፤ ለብዙ ኢንጀክተር በ14 ቮልት 1 ሚሊሰከንድ ገደማ። በዚያ ጊዜ ቤንዚን አይረጭም። ባዶ ጊዜ እንበለው። የድሮው ኢንጀክተርህ ሚኒሞ ላይ 3 ሚሊሰከንድ ይታዘዝ ነበር እንበል። 1 ባዶ፣ 2 የሚረጭ። አዲሱ በአንድ ተኩል እጥፍ ይረጫል፤ ስለዚህ የሚረጭበት ጊዜ ከ2 ወደ 1.33 ይወርዳል። ባዶው ጊዜ ግን ባዶ ነው፣ አይቀንስም። ትክክለኛው ትእዛዝ 2.33 ነው። ሙሉውን 3 ለአንድ ተኩል አካፍሎ 2 ያደረገ ሰው፣ የሚረጨውን 1 ብቻ አስቀረ። ሞተሩ ከሚፈልገው ሩቡ ጎደለ። ሙሉ ጭነት ላይ ትእዛዙ 10 እና 12 ሚሊሰከንድ ስለሚሆን ስሕተቱ አይታይም። ሚኒሞ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ያኔ አስተካካዩ ምን ያደርጋል? የሚኒሞ አካባቢ ያሉትን ቁጥሮች በእጁ ከፍ ከፍ አድርጎ ያጠግበዋል። ሞተሩ ይረጋጋል። መብራትና ፋን ስታበራ ግን ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጅ ሲወርድ ማግኔቱ ይደክማል፣ ባዶው ጊዜ ይረዝማል፣ ቤንዚን ያንሳል። መኪናህ ልትጠፋ የምትለው ያኔ ነው።

መድኃኒቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። የኢንጀክተሩ ባዶ ጊዜ በየቮልቴጁ የሚጻፍበት ትንሽ ሠንጠረዥ አለው። የኢንጀክተሩን ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ልኬት ፈልጉና አስገቡ። ካልተገኘ እንዲህ ይፈተሻል። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። የኦክስጅን ማረሚያውን ከላፕቶፑ አጥፉት፣ አለበለዚያ ስሕተቱን ይሸፍናል። ሚኒሞ ላይ ዋይድባንዱን እያያችሁ መብራቱን፣ ፋኑን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አብሩ። ቮልቴጁ ሲወርድ ድብልቁ ከሳሳ በዚያ ቮልቴጅ ላይ ያለውን ባዶ ጊዜ ጨምሩ። ከወፈረ ቀንሱ። ቁጥሩ ባለበት እስኪቆም ድረስ። ይህ ካለቀ በኋላ በእጅ ከፍ የተደረጉትን የሚኒሞ ቁጥሮች ወደ ቦታቸው መልሱ። ዳይናሞው በደንብ መሙላቱንም በመልቲሜትር እዩ። የደከመ ዳይናሞ ይዞ ማስተካከል ድካም ነው።

የጠዋት መነሻ ማስተካከያው በመጨረሻ ይሁን። ደሴ አንድ ሌሊት አሳድራት። ሞተሩ በደንብ የሚበርደው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲያድር ስለሆነ በአንድ ጠዋት የምታገኘው ሙከራ አንድ ነው። አትቸኩል።

ጥያቄ፦ ወንድም ጋሼ፣ ከሐይቅ ነው የምጽፈው። ቪትዝ አለችኝ፣ ምንም አልነካኋትም። ጋራዥ በሄድኩ ቁጥር "ኢንጀክተር ይታጠብ" ይሉኛል። በየስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው?
መምህርት ነኝ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ እህቴ፣ ሚኒሞዋ ካልተንቀጠቀጠ፣ ቤንዚን መብላቷ ካልጨመረና ዳገት ላይ ካልተቆራረጠች የሚታጠብ ነገር የለም። እነዚህ ምልክቶች ቢታዩ እንኳ መጀመሪያ ካንዴላዋና የአየር ፊልትሮዋ ይታዩ። እሱ ርካሽ ነው። ወደ ኢንጀክተር የሚያስኬድ ከሆነ ተፈትተው ማሽን ላይ ይታጠቡ፤ ከመታጠባቸው በፊትና በኋላ የረጩት መጠን በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ይታይሽ። ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው፣ በመካከላቸው ከ3 ከመቶ በላይ ልዩነት ባይኖር ጥሩ ነው። ሳይፈታ ሳይለካ "ታጥቧል" የሚሉሽን ክፍያ አትክፈዪ።

ቤንዚን ጠፍቶ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ስትገዢ ግን ተጠንቀቂ። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ከፍ አድርገሽ እዪው። ከሥሩ የተለየ ንጣፍ ካለ ውሃ ነው፣ አትግዢው። ሌላ አማራጭ ከሌለሽ በወፍራም ንጹሕ ጨርቅ አጥልለሽ ጨምሪ፤ ጨርቁ ቆሻሻውን እንጂ ውሃውን አይዝም። በብዙ ቪትዝ ላይ የቤንዚን ፊልትሮው ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ከፖምፓው ጋር ስለሆነ ከመኪናዋ ሥር ፈልገሽ ብታጪው አትደንግጪ። በሚቀጥለው ሰርቪስ የኋላ ወንበሩን አንስተው እንዲያዩልሽ ጠይቂ።